ስለ ቡጋቲ አትላንቲክ የሚወራውና እውነታው

ቡጋቲ ታይፕ 57 አትላንቲክ ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ አራት ብቻ ነው የተሠራው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከአራቱ ዛሬ ያሉት ሦስት ናቸው። የጥንት መኪና የሚወዱ ሰዎች ስለ እነዚህ አራት መኪኖች ያወሩት አንድ ከተማ ሙሉ መኪና ላይ አልተወራም። ወሬው ሲበዛ ደግሞ ስህተቱም አብሮ ይበዛል።

«ጀርባው ላይ ያለው ስፌት ለጌጥ ነው»

ፎቶውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ከፊት መስታወቱ ተነስቶ ጣሪያውን ለሁለት ከፍሎ እስከ ጭራው የሚወርድ፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ቆሞ የሚታይ የላሜራ ጠርዝ አለ። በላዩ ላይ ሪቬቶች (ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዙ ምስማር መሰል ብረቶች) ተራቸውን ጠብቀው ተደርድረዋል። ፓራፋንጎዎቹም ላይ ተመሳሳይ ጠርዝ ይታያል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአትላንቲክ በፊት ነው። በ1935 የፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ቡጋቲ «ኤሮሊት» የሚባል ናሙና መኪና አቀረበ። ቦዲው ኤሌክትሮን ከሚባል የማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነበር። ኤሌክትሮን በጣም ቀላል ነው፤ ችግሩ ማግኒዚየም እሳት ይወዳል። ልበይድህ ቢሉት በእሳት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሁለቱን የላሜራ ግማሾች ጠርዛቸውን ወደ ውጭ አጥፈው በሪቬት አያያዟቸው።

አራቱ አትላንቲኮች ግን ቦዲያቸው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ይበየዳል። ጠርዙ የቀረው መልኩን ስለወደዱት ነው። እና «ለጌጥ ነው» የሚለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ታሪኩን ከወገቡ ቆርጦ ነው የሚያወራው።

«ቡጋቲ የጣሊያን መኪና ነው»

ስሙ ነው የሚያሳስተው። ኤቶሬ ቡጋቲ የተወለደው ሚላን ነው። ፋብሪካውን በ1909 ያቋቋመው ግን አልዛስ ውስጥ፣ ሞልሳይም በምትባል ከተማ ነው። ያኔ አካባቢው በጀርመን ሥር ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለፈረንሳይ ተመለሰ። አትላንቲክ ሲሠራ መኪናው ፈረንሳዊ ነበር።

«ቦዲውን የሠራው ሌላ ድርጅት ነው»

ይሄ ግምት ከባዶ አልመጣም። በዚያ ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው ሻንሲና ሞተር ብቻ ይገዛና ቦዲውን ወደሚወደው የቦዲ ሠሪ ይወስደው ነበር። ብዙ ታይፕ 57 መኪኖች እንደዚያ ነው የተሠሩት፤ ኮልማር ያለው ጋንግሎፍ፣ ፓሪስ ያለው ቫንቮረን፣ ለንደን ያለው ኮርሲካ ቦዲ ሠርተውላቸዋል። አትላንቲክን ግን የኤቶሬ ልጅ ዣን ቡጋቲ ነደፈው፤ የፋብሪካው የላሜራ ባለሙያዎችም እዚያው ሞልሳይም በእጃቸው ቀጥቅጠው አወጡት። የእጅ ሥራ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ቁርጥ አይመሳሰልም። የፊት መብራታቸውን አቀማመጥ ብቻ ማየት ይበቃል።

«ሁሉም ኤስሲ ሆነው ነው ከፋብሪካ የወጡት»

ኤስ ማለት ሻንሲው ዝቅ ያለ ነው፣ ሲ ደግሞ ሱፐርቻርጀር (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) አለው ማለት ነው። በ1936 ለእንግሊዛዊው ቪክቶር ሮትሺልድ የተሸጠው የመጀመሪያው መኪና ሲወጣ ኤስ ብቻ ነበር፤ ሱፐርቻርጀሩ የተገጠመለት በኋላ ነው። 3.3 ሊትሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በሱፐርቻርጀር ወደ 200 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ መኪናውም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ለ1930ዎቹ ቀልድ አይደለም።

«ዣን ቡጋቲ የሞተው አትላንቲክ ሲነዳ ነው»

አይደለም። ነሐሴ 1939 ላይ በ30 ዓመቱ የሞተው በዚያው ዓመት «ለማን» በተባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈውን የእሽቅድምድም መኪና ሲሞክር ነው። መንገድ ላይ የገባ ብስክሌተኛን ለማትረፍ ሲል ዛፍ ገጨ።

«ድሮም ቢሆን የማይቀመስ ዋጋ ነበረው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። የሮትሺልድን መኪና በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጨረታ የገዙት አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፒተር ዊሊያምሰን የከፈሉት 59,000 ዶላር ነው። በጊዜው ብዙ ገንዘብ ነው፣ ግን የቤት ዋጋ እንጂ የሕንፃ ዋጋ አልነበረም። አሳድሰውት በ2003 ካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች ላይ በሚካሄደው የጥንት መኪኖች የውበት ውድድር አንደኛ ወጣ። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ2010 ሲሸጥ የተገመተው ዋጋ ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ነው።

«ተገመተ» ያልኩት አውቄ ነው። «አትላንቲክ በጨረታ ክብረ ወሰን ሰበረ» የሚለውም ወሬ ስህተት ነውና። በ2010 ጨረታ አልተካሄደም። ጉዲንግ የተባለው የጨረታ ድርጅት ገዢና ሻጭን በግል አገናኘ፣ ትክክለኛው ዋጋ በይፋ አልተነገረም። መኪናው ካሊፎርኒያ፣ ኦክስናርድ በነበረው የሙሊን ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። የመኪና ጨረታን ክብረ ወሰን የያዘው በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ነው።

«ተገጭቶ የታደሰ መኪና አለቀለት»

ሦስተኛውን አትላንቲክ በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ ባቡር ገጨው። የሚነዳው ሰው ሞተ፣ መኪናው የብረት ክምር ሆነ። በኋላ ግን ተሠራ፤ ዛሬም ከሦስቱ አንዱ ተብሎ ይቆጠራል።

እንዴት? እኛ አገር መኪና ስንገዛ ሊብሬውን ይዘን የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንደምናመሳክረው ነው፤ ልዩነቱ የአትላንቲክ ገዢዎች ወደ ዘጠና ዓመት ወደ ኋላ መመለሳቸው ነው። ቡጋቲ ሻንሲው ላይ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ፣ ማርሹና የኋላ አክስሉ ላይም ቁጥር ይመታ ነበር። ገዢ የሚልካቸው ባለሙያዎች እነዚህን አንድ በአንድ ያያሉ። የፋብሪካውን መዝገብ፣ የድሮ ታርጋ ወረቀት፣ የጋራዥ ደረሰኝና ፎቶ ያነጻጽራሉ። ቀለም የት እንደተቀባ ዋናው ጭንቀት አይደለም። በእኔ አስተያየት ግማሹ ዋጋ ያለው እዚያ የወረቀት ማህደር ውስጥ ነው። የተቀየረ ክፍል ዋጋ ይቀንሳል፤ የተደበቀ መቀየር ግን ሽያጩን ራሱን ይገድላል።

«ጥቁሯ መኪና የሆነ ጎተራ ውስጥ ተደብቃለች»

ዣን ቡጋቲ ራሱ ይነዳት የነበረችው፣ የሻንሲ ቁጥሯ 57453 የሆነችው አትላንቲክ ጠፍታለች። የመጨረሻው ዱካዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941፣ ወደ ፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ እንዲላኩ ከተዘረዘሩት መኪኖች መካከል መሆኗ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በባቡር ላይ እንዳለች በቦምብ ተመትታ ሊሆን ይችላል፣ ብረቷ ተቀልጦ ሊሆንም ይችላል። ጎተራው የምኞት ወሬ ነው፤ አንድም ማስረጃ አልቀረበለትም። በ2019 ጄኔቭ ላይ የታየችው፣ ከታክስ በፊት 11 ሚሊዮን ዩሮ የተባለላት «ላ ቯቱር ኗር» (በፈረንሳይኛ «ጥቁሯ መኪና») ደግሞ በስሟ የተሠራች አዲስ መኪና ነች፣ ተገኝታ አይደለም።

ዋናዋ ብትገኝ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ታወጣለች ብሎ የገመተው ቡጋቲ ራሱ ነው። በዚህ ዋጋ ደግሞ አስመስሎ ለመሥራት የሚሞክር አይጠፋም። አንድ ቀን አንድ ሰው «አገኘኋት» ብሎ ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው 57453 የሚለው ቁጥር መቼና በምን ዓይነት ብረት ላይ እንደተመታ ነው።