ቲኤ ምንድን ነው? እሳት ምድጃ ውስጥ መብራት ከመግጠማችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ገጠር ያረጀ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ ቶሎ የሚያርፈው ምድጃው ላይ ነው። ኢንግልኑክ ይሉታል። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሰፊ የግድግዳ ጉያ ነው፤ ከላይ ወፍራም እንጨት ተጋድሞበታል። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተሰቡ የሚያበስለውም የሚሞቀውም እዚያው ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ውስጥ በማገዶ የሚሠራ የብረት ምድጃ ተቀምጧል። እሳቱ ሲጠፋ ግን ጉያው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ያ ሁሉ ያማረ የጥንት ጡብ አይታይም። ስለዚህ ሰው መብራት ያምረዋል።

በኤሌክትሪክ ሥራዬ ሁሌ የምጠየቀው "ሙቀት የሚችል አምፖል አለ?" ተብዬ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው መብራቱ የሚቀመጥበት ቦታ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ነው። ቲኤ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የመብራቱን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት። በትንንሽ የላቲን ፊደል ቲ እና ኤ ተጽፎ ከጎኑ ቁጥር ይኖራል፤ 40 ወይም 50 ሊሆን ይችላል። መብራቱን የከበበው አየር ከዚያ ዲግሪ ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የተሠራው ለ25 ዲግሪ ነው። 25 ዲግሪ ደግሞ ደህና የሞቀ ሳሎን ነው እንጂ የምድጃ ጉያ አይደለም።

አንድ ቤት ብርዱ ሲገባ ተጠርቼ ሄድኩ። እሳቱ አንድ ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጠዋት ሲያበሩት ምንም እንዳልሆነ ይበራል። የኤልኢዲው ድራይቨር፣ ማለትም የቤቱን ኤሌክትሪክ ለመብራቱ እንዲመች አድርጎ የሚቀይረው ትንሽ ሳጥን፣ ከእንጨቱ ጀርባ ከላይ ተሸጉጦ አገኘሁት። ፕላስቲኩ አብጧል፣ ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል። ቲሲ 75 የሚለው ግን አሁንም ይነበባል። ቲሲ የድራይቨሩ ገላ ራሱ፣ ምልክት በተደረገባት ነጥብ ላይ፣ ሊደርስ የሚችለው የመጨረሻው ሙቀት ነው። የዳቦ መጋገሪያ ቴርሞሜትር እዚያው ሰቅዬ ሁለት ሰዓት አነደድን፤ አየሩ ብቻውን 83 አነበበ። ድራይቨሩ ሲግል ራሱን ያጠፋ ነበር፣ ሲበርድ ይመለሳል።

ኤልኢዲ ላይ ቶሎ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይህ ድራይቨር ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች፣ በደፈናው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ድራይቨሩን ከጉያው አውጡት። ይህን በፍጹም አልደራደርበትም።

መብራት ከመግዛታችሁ በፊት እናንተም ለኩ። ቴርሞሜትሩን ባሰባችሁት ቦታ ስቀሉና በጣም በሚበርድ ሌሊት እንደምታነዱት አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አንድዱ። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ይጋላል። ከታች ወደ ፊት ያሉት ማዕዘኖች ግን ይሻላሉ፤ ምድጃው የሚስበው ቀዝቃዛ የክፍል አየር በዚያ ነው የሚያልፈው።

ቁጥሩ ለኤልኢዲ ከበዛ ሌላ መንገድ አለ። በመስታወት ፋይበር፣ ብርሃን በውስጡ በሚያሳልፍ ቀጭን የመስታወት ክር፣ ብርሃኑን ከውጭ ማምጣት ይቻላል፤ ምንጩም ኤሌክትሪኩም ከጉያው ውጭ ይቀራሉ። የፕላስቲክ ፋይበር ግን ለዚህ አይሆንም። እስከ 300 ዲግሪ የሚችሉ የኦቨን አምፖሎችም አሉ። ግን አምፖሉ ቻለ ማለት ሆልደሩ (አምፖሉ የሚገባበት) እና ገመዱ ቻሉ ማለት አይደለም። ሆልደሩ ሴራሚክ መሆን አለበት። የተለመደው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ የለበሰ ገመድ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው፤ የሲሊኮን ገመድ እስከ 180 ይሄዳል። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ገመዱ ነው። አምፖል ቢቃጠል ጨለማ ነው፤ ገመድ ልባሱ ደርቆ ቢሰነጠቅ ግን ከመቶ ዓመታት በላይ የደረቀ እንጨት አጠገቡ አለ። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው።

ያንን ቤት እንዲህ ጨረስነው። ድራይቨሩን ጎን ካለው ቁምሳጥን ውስጥ አስገባን፣ እስከዚያ ድረስ የሲሊኮን ገመድ ዘረጋን። ቲኤ 50 የተጻፈባቸው ሁለት መብራቶች ከፊት ማዕዘኖቹ ታች አስቀመጥን፤ እዚያ ቴርሞሜትሩ እሳቱ እየነደደ 38 ነበር ያነበበው። ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ጡቡን እየላሰ ሲወጣ፣ በጥላሸት የጠቆረው የጀርባ ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የቤቱ ባለቤት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።