ለየት ያሉ ዘመዶች በበዓል ቤት፦ የመሐል አዲስ አበባ ልማድ

በመሐል አዲስ አበባ፣ በተለይም በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቀበናና በካዛንቺስ ለረጅም ዘመን በኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ዘመድ አዝማድ በአንድ ቤት የሚሰበሰብባቸው ቀናት ናቸው። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ጠባዩ ከሌላው ለየት ያለ፣ «የሱ ነገር እንዲህ ነው» የሚባልለት ሰው አይታጣም። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ አጎት ወይም አክስት ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ዘመድ አክብሮና ወዶ መያዝ ከበዓሉ ወግ የሚቆጠር ነው።

ልማዱ ከቤቶቹ ታሪክ ጋር ይያያዛል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። በእነዚህ ጠባብ ቤቶች የበዓል እንግዳ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል፤ ጠባዩ የከበደ ዘመድ ቢመጣም ወደ ሌላ ክፍል ገለል የሚደረግበት መንገድ የለም። ሰዉ እርስ በርሱ መቻቻልን የተማረው በዚሁ መጠጋጋት ይመስላል።

በብዙ ቤት የሚታወቀው መራቂው አጎት ነው። ድፎ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት በዕድሜ ታላቅ የሆነው ሰው መመረቁ የሁሉም ቤት ልማድ ነው፤ መራቂው አጎት ግን በዚህ አያበቃም። ያረፉትን በየስማቸው እየጠራ፣ የጥንቱን ጎረቤትና የዕድሩን ዳኛ እያነሳ፣ በውጭ ያሉትን ልጆች ከነአገራቸው እየዘረዘረ ሲቀጥል፣ ቢላዋ የያዘው ልጅ ክንዱ ይዝላል፣ «አሜን» የሚለውም ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ይህ ምርቃት በወረቀት ያልሰፈረ የቤተሰብ መዝገብ ነው። ብዙ ወጣቶች የቅድመ አያታቸውን ስም፣ ቤተሰቡ ከየት አገር እንደ መጣና መጀመሪያ የሰፈረው የት እንደ ነበር የሚሰሙት ከዚህ ምርቃት ነው፤ ስለዚህ ማሳጠር በፍጹም አይገባም።

ዘመን ቆጣሪው አጎትም አለ። መስከረም 1 ቀን፣ ቄጤማ በተጎዘጎዘበት ቤት፣ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይቀመጥና በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራል። ለ2017 ዓ.ም. ድምሩ 7517 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ ሆነ። 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆን ነበር። ያንኑ 7517 ለ19 ሲያካፍለው 12 ይተርፋል፤ ከዚህ 1 ቀንሶ ወንበሩን፣ ማለትም የዓመቱን የሒሳብ መነሻ ቁጥር፣ 11 ያደርጋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው (ለ30 አካፍሎ ቀሪውን ሲይዝ) የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚቆጠርበት አበቅቴው 1፣ በ19 አባዝቶ ሲገድፈው የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት መጥቅዑ 29 ይወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ሒሳቡ መስመር መያዙን በዚያ ያውቃል። የቀን መቁጠሪያ በየግድግዳው በተሰቀለበት ከተማ ይህ ትርፍ ድካም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የፋሲካ ቀን ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥበትን ምክንያት አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ፣ የባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ መግቢያ ከቤቱ ሳይወጣ ይማራል።

አክስቲቱ ደግሞ በፋሲካ ዋዜማ ወጥ ቤቱን ትይዛለች፤ ዶሮው 12 ብልት ሆኖ መውጣቱን በዓይኗ ሳታረጋግጥ ወጡ ውስጥ አይገባም፣ ባለፈው ዓመት ፈረሰኛው ለማን እንደ ወጣም አትረሳም። በሙስሊም ቤተሰቦችም በዒድ አልፈጥርና በአረፋ፣ ከሶላት መልስ፣ ተመሳሳይ ዘመድ ተመሳሳይ ስፍራ አለው።

አክብሮቱ በትንንሽ ነገሮች ይገለጣል። የለመደው መቀመጫና ብርጭቆ ይጠበቅለታል፣ ቢዘገይም ድርሻው ተከድኖ ይቆየዋል፣ ለልጆቹም «ጋሼ ሲያወሩ እንዳታቋርጡ» ተብሎ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ተረብ የሚፈቀደው እሱ ራሱ ከሳቀ በኋላ ነው፤ በሌለበት አነጋገሩን እየኮረጁ መሳቅ እንደ ነውር ይታያል፣ ነውርም ነው። እዚህ ላይ ጠባይን ከሕመም መለየት ያስፈልጋል። ሰው ከሚታወቅበት ዓመሉ በድንገት ሲለወጥ፣ ከሰው ሲርቅ ወይም እንቅልፍ ሲያጣ ነገሩን «ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍ እሱን መበደል ነው፤ ጸበልም ቢወሰድ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ለኮሪደር ልማት ብዙ ነዋሪዎች ሲነሱና ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ፣ ቀድሞ በእግር ይደረግ የነበረው የእንኳን አደረሳችሁ ጉብኝት ታክሲ የሚጠይቅ ሆኗል። አረጋዊው ዘመድ በበዓል ግርግር ታክሲ ተጋፍቶ መምጣት ስለሚቸግረው፣ በዋዜማው መኪና ልኮ ማስመጣትና ማሳደር፣ ይህ ካልሆነም ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ስልክ ደውሎ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ማስመረቅ በአንዳንድ ቤቶች እየተለመደ መጥቷል።