«ስንት ሬክተር ነበር?» ብቻ አይበቃም

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዳማም አብራ ትናወጥ ነበር። ረከቦት ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርስ ሲንኳኩ ሰምተን ልጅ አቅፈን ደጅ ወጥተናል። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች በኮምፒውተር ስለሚሠሩት የመሬት ንዝረት ሲሙሌሽን፣ ማለትም ንዝረቱን አስመስሎ ስለማስላት፣ ብዙ ይወራል። ብዙው ግን የተምታታ ነው።

«መቼ እንደሚመጣ ይነግረናል።»

አይነግረንም። ቀኑን መተንበይ የቻለ እስካሁን የለም። ሲሙሌሽን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይኼ የመሬት ስንጥቅ በዚህ መጠን ቢንሸራተት እዚህ ያለው መሬት እንዴት ይወዛወዛል? ኢንጂነሩ የሚፈልገውም ይህንን ነው።

«ዋናው ሬክተሩ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ሬክተር የምንለው መጠን የሚናገረው ከምንጩ ስለወጣው ጉልበት ነው። እናንተ ቤት የሚደርሰውን ንዝረት ርቀቱና አፈሩም ይወስኑታል። አለት ላይ የቆመ ቤትና ሐይቅ ዳር ደለል ላይ የቆመ ቤት እኩል አይናወጡም፤ ለስላሳ አፈር ንዝረቱን ያጎላዋል። የሕንጻው ቁመትም አለ። አጭር ቤት የሚጎዳው በፈጣን ንዝረት ነው፣ ረጅም ፎቅ ደግሞ በዘገምተኛው። ፈጣኑ መንገድ ላይ ይደክማል፣ ዘገምተኛው ርቆ ይጓዛል። ያኔ አዲስ አበባ 10ኛ ፎቅ ላይ ያለው አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየ ሲደነግጥ፣ ምድር ቤት ያለው ብዙም ያልተሰማው ለዚህ ነው። ጥሩ ሲሙሌሽን እነዚህን ሁሉ አብሮ ያሰላል።

«የተመዘገበ መረጃ ካለ ሲሙሌሽን ምን ያስፈልጋል?»

በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ እንዳፈራረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ያለ ትልቅ ነገር በስምጥ ሸለቋችን ደጋግሞ አይመጣም። ስለዚህ ስንጥቁ አጠገብ በመሣሪያ የተመዘገበው ጥቂት ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ሲሙሌሽን ነው። አንድ ብቻ ግን አይበቃም። የሕንጻ ኮዳችን መሠረት የሆነው የአውሮፓው ኮድ ቢያንስ 3 የንዝረት መዝገብ (በመሣሪያ የተመዘገበ ወይም በሲሙሌሽን የተሠራ) ይጠይቃል። 7 ከሆኑ የስሌቶቹ ውጤት አማካይ ይወሰዳል፤ ካነሱ የከፋው።

«ኮዱ ሕንጻ እንዲቋቋመው የሚጠይቀው ንዝረት በ475 ዓመት አንዴ ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ይጨነቁበት።»

ይኼ አባባል ያስፈራኛል። ቁጥሩ ማለት በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ ነው ማለት ነው። ነገም ሊሆን ይችላል።

«እያንዳንዱ ቤት ሲሙሌሽን ያስፈልገዋል።»

አያስፈልገውም። እንደ ቆቃ ላለ ግድብ ወይም ለረጅም ፎቅ ነው። ለተራው ቤት ኮዱ ያስቀመጠው ስሌት ይበቃል፣ ከተተገበረ። ቤት እያሠራችሁ ከሆነ ኮንክሪት ሳይሞላ ሳይቱ ላይ ሂዱ። ኮለኑና (ቋሚውና) ቢሙ (አግዳሚው) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስታፋው፣ ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚይዘው ቀለበት፣ ተጠጋግቶ መታሰሩን ፌራዮውን (ብረት አሳሪውን) ጠይቁት።