ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የካንሰር ምልክት ነውን?

«በጉበት ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ክፍል) ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ» ሲባል ብዙዎች ደንግጠው ይጠይቃሉ፦ ጉበቱን ሊበላው ነው ወይ? አይደለም። ጤናማው ሕዋስ ራሱ ያለ እርሱ ሥራውን በአግባቡ መሥራት አይችልም።

ሚቶኮንድሪያ ከምግብ ኃይል ሲያመነጭ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችም ይፈጠራሉ፤ እነርሱም በአቅራቢያቸው ያሉትን ፕሮቲኖች ያበላሻሉ። አኮኒቴዝ የተባለውን ፕሮቲን እንውሰድ። በኦክስጅን ተጠቅቶ ቅርጹ ሲዛባ ያ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም፣ ስሙ ሎን የሚባለው፣ ይይዘዋል። ሎን 6 ተመሳሳይ ክፍሎች ተገጣጥመው የሠሩት ቀለበት ነው። ሕዋስ እንደ ነዳጅ በሚጠቀምበት ኤቲፒ በተባለ ሞለኪውል ኃይል የተበላሸውን ፕሮቲን እንደ ተተበተበ ክር እየፈታ ወደ ቀለበቱ ውስጥ ይስበዋል፤ እዚያም ይቆራርጠዋል። ደስ የሚለው ነገር ያገኘውን ሁሉ አለመቁረጡ ነው፤ ይመርጣል።

የካንሰር ሕዋስም ይህንኑ ጽዳት ይፈልጋል። በፍጥነት ሲያድግ ጫናው ስለሚበዛበት በሕይወት ለመቆየት ይጠቀምበታል።

እርግጠኛ የሆነው ነገር ሎን በሁለቱም ሕዋሳት ውስጥ መኖሩ፣ በበርካታ የካንሰር ዓይነቶችም መጠኑ ከፍ ብሎ መታየቱ ነው። ምን ያህል ከፍ እንደሚል ግን ከዕጢ ዕጢ ይለያያል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ስለተገኘ ብቻ «ይህ ካንሰር ነው» ማለት አይቻልም።