ያላለቀ ጌም ሸጦ በኋላ መጠገን፦ ከሐዋሳ ጌም ቤቶች ሲታይ

ያላለቀ ጌም ለገበያ ማቅረብ የሚባለው አንድን የቪዲዮ ጌም ስህተቱ ተለቅሞ ሳያልቅ፣ አንዳንዴም ቃል የተገባለት ክፍሉ ሳይሠራ ሸጦ፣ ጉድለቱን በኢንተርኔት በሚላክ አፕዴት ቀስ በቀስ ማሟላት ነው። በሐዋሳ፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉ ጌም ቤቶች፣ ጉዳዩ በአንድ አጭር ጥያቄ ይነሳል፦ «ይሄ አፕዴት የተደረገው ነው?»

ጌም በካሴት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ በሚሰካ የፕላስቲክ ሳጥን፣ በሚሸጥበት ዘመን እንዲህ ማድረግ አይቻልም ነበር። ካሴቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ማንም አይነካውም። የአሜሪካው የጌም ኩባንያ አታሪ ለ1982ቱ የገና ገበያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጥቂት ሳምንታት አሠርቶ ያወጣው «ኢ.ቲ.» በብዛት ሳይሸጥ ሲቀር፣ የተረፈው ከሌሎች ካሴቶች ጋር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ ተቀበረ፤ በ2014 ከፊሉ ተቆፍሮ ወጣ። የሚጠገንበት መንገድ አልነበረም።

መንገዱን የከፈቱት ሃርድ ዲስክና ኢንተርኔት ያላቸው ኮንሶሎች (ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዙ የጌም ማሽኖች) ናቸው። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ በ2001 ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የኢንተርኔት አገልግሎቱ ተጨመረ። ዲስክ ለመታተም ከሽያጩ ቀን ሳምንታት ቀድሞ መላክ ስላለበት፣ ሠራተኞቹ በእነዚያ ሳምንታት የሚለቅሙት ስህተት «የመጀመሪያው ቀን አፕዴት» ሆኖ ይደርሳል። ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀኑ ለባለአክሲዮኖች ከተነገረ፣ ማስታወቂያው ከተከፈለበትና ቅድመ ሽያጩ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ያ የሳምንታት ፋታ የወራት ሥራ ሲሸከም ነው።

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ «ሳይበርፐንክ 2077»ን በዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲያወጣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ አስቀድሞ ተሽጦ ነበር። በሶኒ ኮንሶል በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጌሙ ይንቀረፈፋል፣ በየመሀሉም ይዘጋል። ሶኒ በሳምንቱ ከኢንተርኔት መደብሩ አንስቶ ለገዢዎች ገንዘብ መለሰ፤ ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ብዙዎች «አሁን ገና አለቀ» ያሉለት 2.0 አፕዴት በሴፕቴምበር 2023 ሲመጣ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 አልተላከም። በጣም የተበደለው ገዢ ዋናው ጥገና ሳይደርሰው ቀረ ማለት ነው፤ ይህን ትክክል ነው ማለት አልችልም።

ጥገናው ከልብ የሆነባቸውም አሉ። በ2016 ቃሉን ሳይሞላ የወጣው «ኖ ማንስ ስካይ» ለዓመታት በነፃ አፕዴት ተሟልቷል። «ፋይናል ፋንታሲ 14» በ2010 ወጥቶ ስላልሆነለት በ2012 ተዘግቶ፣ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2013 ተመለሰ። «አንተም» (Anthem) የተባለው ጌም ግን በ2019 ወጥቶ፣ የማደሻው ሥራ በ2021 ተሰረዘ። ገና በሥራ ላይ መሆኑ ለገዢው በግልጽ ተነግሮት የሚሸጥ ጌም ሌላ ነው። «ማይንክራፍት» ከ2009 ጀምሮ እንዲያ እየተሸጠ በ2011 ተጠናቀቀ፤ ገዢው የሚገባበትን ያውቅ ነበር።

ሐዋሳ ላይ ነገሩ በደንብ የሚገባው በኳስ ጌም ነው። የጃፓኑ ኮናሚ «ፔስ» የተባለውን የኳስ ጌሙን ስም ለውጦ «ኢፉትቦል»ን በሴፕቴምበር 2021 ሲለቅ የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ ክለቦቹም ከአሥር የማይበልጡ ነበሩ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ 1.0፣ ማለትም የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ፣ ብሎ የቆጠረው በኤፕሪል 2022 ነው። የለመዱትን አሮጌ «ፔስ» ያልለቀቁ ልጆች ምንም አልቀረባቸውም።

አፕዴት ሁሉም ቤት ኢንተርኔት አለ ብሎ ያስባል። 40 ጊጋባይት በሴኮንድ 1 ሜጋባይት ሲወርድ 11 ሰዓት ይፈጃል፤ በመሀል መብራት ከጠፋ ደግሞ ይጓተታል። ስለዚህ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ በስልክ ሆትስፖት እያወረደ የሚያድር ባለቤት አለ። ጌም የሚያስጭኑባቸው ጀይልብሬክ የተደረጉ (የኩባንያው መቆለፊያ የተሰበረባቸው) ፕሌይስቴሽኖች ደግሞ ከኔት እንዲርቁ ይደረጋል፤ ሲስተሙ ከታደሰ የተጫነው ጌም አይከፈትምና። ለእነሱ ጥገናው በእጅ ይመጣል፦ አንዱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ በሃርድ ዲስክ ይዞት ይመጣል። አንድ ቤት ያየሁት ሃርድ ዲስክ ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ የየጌሙ ስምና የአፕዴቱ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የሁለቱ ቁጥር ተሰርዞ ከጎኑ አዲስ ተጽፏል፤ የቀሩት ሁሉ አሁንም ሲወጡ እንደነበሩ፣ 1.00 ናቸው።