ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችና የሚይዟቸው ፕሮቲኖች

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያም ሆነ በፒያሳ ባሉ ፋርማሲዎች በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን ይገኙበታል። ሦስቱም ባክቴሪያን የሚያጠቁት የሰው ሕዋስ በሌለው ወይም በተለየ መልኩ ባለው አካል ላይ በማነጣጠር ስለሆነ፣ ቫይረስ ያመጣውን ጉንፋን አያድኑም።

ይህ አሠራር ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያገኘው ፔኒሲሊንና የእርሱ ዘመድ የሆነው አሞክሳሲሊን፣ የባክቴሪያውን ግድግዳ ክሮች እርስ በርስ የሚያስተሳስሩትን ኢንዛይሞች (በሕዋስ ውስጥ ሥራ የሚያከናውኑ ፕሮቲኖችን) ይይዛሉ። ኢንዛይሙ መድኃኒቱን የግድግዳው መሥሪያ መስሎት ይጨብጠዋል፤ ከጨበጠው በኋላ ግን ስለማይለቀው ሥራው ይቆማል፣ በማደግ ላይ ያለው ባክቴሪያም ግድግዳው ሳስቶ ይፈነዳል። ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይሞትም። አንዳንዱ ቤታ ላክታሜዝ በተባለ ኢንዛይም መድኃኒቱን ይሰብረዋል፤ ሜቲሲሊንን የተላመደው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ደግሞ መድኃኒቱ በቀላሉ የማይዘው ሌላ ግድግዳ ሠሪ ኢንዛይም አለው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚይዘው የዲኤንኤውን ጥምዝ የሚያስተካክለውን ጋይሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። አዚትሮማይሲን ፕሮቲን በሚመረትበት ራይቦሶም ላይ ቢያርፍም፣ በትክክል የሚጣበቀው በራይቦሶሙ አርኤንኤ (ፕሮቲን ባልሆነ፣ የዲኤንኤ ዘመድ በሆነ ሞለኪውል) ላይ ስለሆነ ዒላማው ፕሮቲን ነው ማለት አያስኬድም።

ለሀገራችን ትልቅ ትርጉም ያለው የሪፋምፒሲን ጉዳይ ነው። የቲቢ ታካሚዎች ሽንታቸውን ብርቱካናማ የሚያደርገው ይህ መድኃኒት አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የተባለውን፣ አርኤንኤ የሚሠራውን ፕሮቲን ያግዳል። በጤና ተቋማት «ጂን ኤክስፐርት» እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ በአክታ ውስጥ የዚህን ፕሮቲን ዘረመል አንብቦ፣ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ መኖሩን ሁለት ሰዓት ገደማ በሚሆን ጊዜ ይለያል።

ለሌሎች ኢንፌክሽኖች የሚሠራው ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚደረገው ምርመራ) ግን ቀናት ይወስዳል፤ ብዙ ሕመምተኛ ውጤቱን ሳይጠብቅ፣ አንዳንዴም ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ መድኃኒት መጀመሩ እጅግ ያሳስባል። ምርመራው ቀላል ነው። ከሽንት ወይም ከቁስል የተገኘው ባክቴሪያ በሳህን ላይ ይቀባል፣ በመድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደሩበታል፣ ከዚያም በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያድራል። በማግስቱ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ፕሮቲኑ ተለውጦ ወይም መድኃኒቱ ተሰብሮ ከሆነ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል።