የድርቆሽ መረብ በሲባጎ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድርቆሽ መሬት ላይ የተበተነለት ፈረስ ከሚበላው ጋር ብዙ ይረግጣል። ፋንድያ የነካውን ሲለቅም ደግሞ የትል እንቁላል አብሮ ይገባል። መረብ ይህን ይቀንሳል፤ ለመሥራትም ከእስሩ የተፈታው ሲባጎ ይበቃል። ስለ መረቡ የሚባለው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«መረብ መሥራት የዓሣ አጥማጅ ሙያ ነው»

ተራ ቋጠሮ የሚችል ሁሉ ይሠራዋል። 4 ሜትር ገደማ የሆኑ 12 ክሮች አዘጋጁ። እያንዳንዱን መሃሉ ላይ እጠፉና ትንሽ ቀለበት ትታችሁ ቋጥሩት። ሲባጎው አጭር ከሆነ ሁለቱን ቀጥሉ፤ መቀጠያው ቀለበቱ ጋ ይዋል። በቀለበቶቹ ውስጥ ወፈር ያለ ገመድ አሳልፉ፤ የመረቡን አፍ የሚያጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ 7 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ የአንዱን ክር አንድ እግር ከጎረቤቱ እግር ጋር ቋጥሩ። ዙሩ ሲሞላ አሁንም ዝቅ ብላችሁ ጎረቤት እየቀየራችሁ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ ጫፎቹን ሁሉ ሰብስባችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ።

«ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጥሩ ነው»

ሥራ ፈትቶ ለወፈረ ፈረስ፣ አዎ፤ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ቀዳዳ አበላሉን ያዘገየዋል። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ግን ለመብላት ያለው ሰዓት ትንሽ ነው። እሱን በጠባብ ቀዳዳ ማታገል ማስራብ ነው። እስከ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ስጡት። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን 5 ኪሎ ማለት ነው። መረቡን ሚዛን ላይ ማንጠልጠል ስለሚቻል መገመት አያስፈልግም።

«ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ስለሚበላ መረቡን ዝቅ አድርጎ መስቀል ይሻላል»

አንገት ደፍቶ መብላት ተፈጥሮው መሆኑ እውነት ነው። አደጋው ግን እግሩ ነው። ሙሉ መረብ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ድርቆሹ ሲያልቅ ተጎትቶ ይረዝማል። ያኔ ኮቴው፣ በተለይ ብረት የተመታለት ከሆነ፣ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ልኩን በባዶው መረብ ውሰዱ። ታችኛው ጫፍ ከደረቱ በታች አይውረድ። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ብናኙ ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ይራገፋል፤ ማሰሪያው ከዓይኑ ትይዩ ቢሆን ደህና ነው። የአፉን ገመድ በመረቡ ታችኛ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ወደ ላይ ሳቡትና በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት።

«ማሰሪያው በፍጹም መበጠስ የለበትም»

መበጠስ አለበት! የተያዘ ፈረስ ሲደነግጥ ካልተበጠሰለት እግሩን ይሰብራል። ምሰሶው ላይ በነጠላ ቀጭን ቃጫ ቀለበት ሥሩና መረቡን እሱ ላይ እሰሩ።

«የፕላስቲክ ሲባጎ ዕድሜ ልክ ያገለግላል»

ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጣጠቃል። ብጣሹ ከተዋጠ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። ቃጫም እርጥበት ያበሰብሰዋል። ሁለቱንም ቶሎ ቶሎ አይታችሁ የተላገውን ቀይሩ።

«ለፍየልም ለላምም ይሆናል»

ለእነሱ አትስቀሉ። ቀንድ ይያዛል፤ ግልገል ደግሞ አንገቱን አስገብቶ ሊታነቅ ይችላል። ለፍየል፣ ለበግና ለከብት የእንጨት ግርግም ሥሩ።